የድሬዳዋው ፕሮሶፒስ፦ 28 ነው ወይስ 56?

ደቻቱ ዳር፣ ጎሮ አካባቢ፣ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ፣ ወደ ሽንሌ ስትወጡ በግራም በቀኝም አንድ እሾሃም ዛፍ አለ። ድሬ ላይ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «ፕሮሶፒስ ነዋ!» ይላችኋል። የግብርና ባለሙያ ካገኛችሁ «ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ» ብሎ ስሙን ከነአባቱ ይነግራችኋል። በ2022 የወጣውን አዲስ አመዳደብ የተከተለ ጽሑፍ ካነበባችሁ ግን ያው ዛፍ «ኔልቱማ ጁሊፍሎራ» ሆኗል። ኬንያ ውስጥ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል። ሱዳንማ ለብዙ ዓመታት ጭራሽ የሌላ ዝርያ ስም ነበር የሰጠችው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ታዲያ የኛው ዛፍ ማን ነው?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ዛፍ ዙሪያ ሁለት የስም ክርክሮች አሉ። አንዱ «ፕሮሶፒስ ነው ወይስ ኔልቱማ?» የሚለው ነው። እሱ ለመጽሐፍ እንጂ ለእረኛ ምንም አይለውጥም። ሌላው «ክሮሞሶሙ፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ የዘር መረጃውን የሚሸከሙት ክሮች ቁጥር፣ 28 ነው ወይስ 56?» የሚለው ነው። ይሄኛው የላብራቶሪ ሰዎች ጨዋታ ይመስላል። ግን መሬት ላይ ምን መሥራት እንዳለብን የሚወስነው እሱ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ይከራከራል፣ ሁለተኛውን ግን ማንም አይጠይቅም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ከጃማይካ እስከ ጎሮ

ዛፉ ያገራችን አይደለም። የትውልድ ቦታው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያን ደሴቶችና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ስዊድናዊው ኦሎፍ ስዋርትስ ጃማይካ ላይ ያገኘውን ዛፍ በ1788 «ሚሞሳ ጁሊፍሎራ» ብሎ ሰየመው። በ1825 ደ ካንዶል የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ወደ ፕሮሶፒስ አዛወረው። ህንዶች በ1877 ዘሩን አስመጡና ደረቅ መሬታቸው ላይ ተከሉት።

ወደኛ አገር የገባው እንዴት ነው ካላችሁ፣ ስለ ኢትዮጵያ በተጻፉ ሰነዶች ተደጋግማ የምትጠቀሰው የመግቢያ በር ድሬዳዋ ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከህንድ የመጣ ዘር ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ላይ ፈላ ይላሉ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ድርቅ ነበር፣ ማገዶ ጠፍቶ ነበር፣ አፈሩ በንፋስ ይሄድ ነበር። ውሃ ሳይለምን የሚያድግ፣ ፍየል ቅጠሉን ብዙም የማይነካው ዛፍ ሲገኝ ማን እምቢ ይላል? በ1980ዎቹ መካከለኛው አዋሽ ላይ በሰፊው ተተከለ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሱ ቀጠለ። ከብቱና ግመሉ ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ። ጠንካራው ዘር ሳይፈጭ ሆዳቸው ውስጥ ያልፋል። ፋንድያ ውስጥ ሆኖ አዲስ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ እዚያው ማዳበሪያውን ይዞ ይበቅላል። በሳተላይት ምስል የተሠራ አንድ ጥናት በ2017 አፋር ውስጥ ዛፉ የያዘው መሬት ወደ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር እንደደረሰ ለክቷል። በዓመት ሲታሰብ 31 ሺህ ሄክታር ገደማ እየጨመረ ነው የመጣው።

ታሪኩ ይሄ ነው። ታሪክ ግን የዘሩን መንገድ እንጂ የዛፉን ማንነት አይነግረንም። ከረጢት ላይ «ጁሊፍሎራ» ተብሎ ከተጻፈ በየአገሩ ያ ስም ይከተለዋል። ማንም ከረጢቱን ከፍቶ ዘሩን «አንተ በእርግጥ እሱ ነህ?» አይለውም። ሰሜን ምሥራቅ ብራዚልና ኬፕ ቨርዴ ላይ እንዲህ ሆነ። እዚያ ለዘመናት ጁሊፍሎራ ሲባል የኖረው ዛፍ በኋላ ሲመረመር ፓሊዳ የሚባለው የፔሩ ዘመዱ ሆኖ ተገኘ። ሱዳን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በ1917 የገባውን ዛፍ «ቺሌንሲስ» ብለው መዘገቡት፤ በኋላ ሲጣራ ጁሊፍሎራ ነው። ስሙ ተሳስቶም ዛፉ ከመስፋፋት አልቦዘነም። በ1995 የሱዳን መንግሥት እንዲጠፋ አዋጅ አወጣበት።

እንግዲህ የጎሮው ከረጢት ላይ የተጻፈውን ማመን ይቻላል ወይ? አይቻልም። ዛፉን ራሱን መጠየቅ ነው።

ወንዴና ሴቴ

ደቻቱ ዳር ከሰል የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ዛፉን ለሁለት ይከፍሉታል። «ይሄ ወንዴው ነው፣ ያ ደግሞ ሴቴው» አሉኝ።

«እማማ፣ በምን ይለያሉ?»

«አቦ እጅህን ስደድበት፣ እሱ ራሱ ይነግርሃል!»

እሾህ ያለው ወንዴ፣ እሾህ የሌለው ወይም ያነሰው ሴቴ መሆኑ ነው። የዛፉ አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሉን በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ወንድና ሴት ዛፍ የለውም። እናታችን ያዩት ልዩነት ግን እውነት ነው፤ ዛፉ ከዛፍ ይለያያል። ችግሩ እሾህ ጥሩ ምስክር አለመሆኑ ነው። ፓሊዳ ብዙ ጊዜ እሾህ አልባ ይሆናል። ጁሊፍሎራም ግን እሾህ አልባ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ «እሾህ የለውም፣ ፓሊዳ ነው» ብሎ መፍረድ አያዋጣም።

ቁመናውም ያታልላል። መስኖ ቦይ አጠገብ የበቀለው ግንዱ አንድ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አሸዋ ላይ ያለው፣ በተለይ አንዴ የተቆረጠው፣ ከመሬት ጀምሮ ብዙ ግንድ አውጥቶ ቁጥቋጦ ይሆናል። የሁለቱም እናት አንድ ዛፍ ልትሆን ትችላለች። አካባቢውን ያላወቀ ሰው ግን ሁለት ዝርያ አየሁ ብሎ ይምላል።

መጀመሪያ ከግራር እንለየው። ሩቅ ላለ ዓይን ይመሳሰላሉ። አበባውን ቀርቦ ማየት ነው። ግራር አበባው ውስጥ ለመቁጠር የሚያታክት ብዙ ወንዴ ዘንግ አለው። የፕሮሶፒስ አበባ ግን አሥር ብቻ ነው ያለው። አበቦቹ ቢጫማ ሆነው ረዘም ባለ ዘለላ ላይ ይደረደራሉ። እሾሁ ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ሥር ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ፍሬው ሲበስል ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሥጋውም ጣፋጭ ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉ። የፕሮሶፒስ ቅጠል አንድ ወጥ አይደለም። ከዋናው ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡ የጎን ዘንጎች አሉ፤ ክንፍ እንበላቸው። በእያንዳንዱ ክንፍ ግራና ቀኝ ደግሞ ትንንሽ ቅጠሎች ይደረደራሉ። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለዩት በተለይ እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። በ1976 አርጀንቲናዊው ቡርካርት የዚህን ወገን 44 ዝርያዎች አንድ በአንድ ገልጾ ጻፈ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ማስመሪያ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያመሳክረው ከሱ ጋር ነው። በሱ አገላለጽ የጁሊፍሎራ ትንሽ ቅጠል ከ6 እስከ 23 ሚሊሜትር ይረዝማል። የፓሊዳ ከ2.5 እስከ 8.3 ሚሊሜትር ነው። የቺሌንሲስ ቀጭንና ረዥም ሆኖ ከ10 እስከ 63 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ቅጠሎቹም ተራርቀው ነው የሚቀመጡት።

ደቻቱ ዳር ካለ ዛፍ ላይ አንድ ቅጠል ቀጥፌ ማስመሪያ ላይ ዘረጋሁት። ትንንሾቹ ቅጠሎች ከአንድ ሴንቲሜትር አለፍ ይላሉ። ጫፋቸው ክብ ነው። አንዱ ሌላውን ሳይነካ ክፍተት ይዘው ተደርድረዋል። ክንፎቹ ሁለት ጥንድ ናቸው። ይህ ለፓሊዳ ይበዛል፣ ለቺሌንሲስ ደግሞ ቅጠሉ ሰፋ ያለና አጠር ያለ ነው። ጣቱ ወደ ጁሊፍሎራ ነው የሚጠቁመው።

ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ቁጥሮቹን መለስ ብላችሁ እዩአቸው። ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ባለው ቦታ ላይ ጁሊፍሎራና ፓሊዳ ተደራርበዋል። አንድ ዛፍ ቅጠሉ 7 ሚሊሜትር ቢሆን የማን ልጅ ነው? ከተቆረጠ ጉቶ የወጣ ለምለም ቀንበጥ ደግሞ ቅጠሉ ከወትሮው ይገዝፋል። ስለዚህ ለመለየት የሚወሰድ ቅጠል ከጎለመሰ ቅርንጫፍ እንጂ ከአዲስ ቀንበጥ አይወሰድም። ይሄን ትንሽ ነገር የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ እጃቸው የደረሰውን፣ ማለትም ከታች የወጣውን ቀንበጥ፣ ቀጥፈው ይመጣሉ።

የቁጥሩ ነገር

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የፕሮሶፒስ ወገን ክሮሞሶሙን በ14 ነው የሚቆጥረው። ፓሊዳ፣ ቺሌንሲስ፣ ግላንዱሎሳና ሌሎቹ ዘመዶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ 28 ክሮሞሶም አላቸው፤ 14 ከእናት፣ 14 ከአባት። ዲፕሎይድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጁሊፍሎራ ግን 56 ነው። አራት እጅ፣ ቴትራፕሎይድ። ከቅርብ ዘመዶቹ መካከል ጎልቶ የሚለየው በዚህ ነው።

ለሐረርጌ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የሐረር ቡና ራሱ እንዲህ ነው። አረቢካ 44 ክሮሞሶም አለው፣ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22። ከረጅም ዘመን በፊት ሁለት የዱር ቡናዎች፣ ካኔፎራና ዩጂኒዮይድስ፣ ተዳቅለው ክሮሞሶማቸውን በአንድ ላይ ያቆዩበት ልጅ ነው። አንድ ዛፍ ክሮሞሶሙ በእጥፍ ሲሆን ከወላጆቹ ጋር መልሶ መዋለድ ይከብደዋል። በአንድ እርምጃ ራሱን የቻለ ዝርያ ይሆናል። ስለዚህ ክሮሞሶም መቁጠር ዝም ብሎ ቁጥር መሰብሰብ አይደለም። ማን ከማን ጋር ሊዋለድ እንደሚችል ማወቅ ነው።

እንዴት ይቆጠራል? ዘሩን ጫር አድርጎ እርጥብ ወረቀት ላይ ማብቀል ነው። ነጩ ሥር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሲወጣ ጫፉ ይቆረጣል፤ ሕዋሶች በብዛት የሚከፋፈሉት እዚያ ነው። መከፋፈሉን መሀል መንገድ ላይ የሚያቆም ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይቆያል። በሞቀ ደካማ አሲድ ይለሰልሳል። ቀለም ይነከራል። በመጨረሻ በመስታወት መሀል ተደርጎ በአውራ ጣት ጭፍልቅ ይደረጋል። ማይክሮስኮፕ ሥር ስታዩት የቀለም ነጠብጣቦች ተበታትነው ይታያሉ። የፕሮሶፒስ ክሮሞሶሞች በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ሃምሳ ስድስቱን ሳይደራረቡ የሚያሳይ አንድ ጥሩ ሕዋስ ለማግኘት ዓይን ይፈዛል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በዕፅዋት ሥር ውስጥ አንዳንድ ሕዋሶች ሳይከፈሉ ክሮሞሶማቸውን ብቻ ያባዛሉ። ባለ 28ቱ ዛፍ ሥር ውስጥ 56 ያለው ሕዋስ ልታገኙ ትችላላችሁ። በአንድ ሕዋስ የፈረደ ሰው ፍርዱ ይገለበጥበታል። በድሮ ጽሑፎች ውስጥ ጁሊፍሎራ 28 ነው የሚሉ ቆጠራዎች አሉ። የሚበዙት ግን ቆጣሪው ስለተሳሳተ ሳይሆን የተቆጠረው ዛፍ ራሱ ጁሊፍሎራ ስላልነበረ ነው። ስሙ ቀድሞ ተሳስቷል፣ ቁጥሩም በተሳሳተው ስም ተመዘገበ። ከዚያ ሌላው ሰው መጥቶ «ጁሊፍሎራ 28ም 56ም አለው» ብሎ ጻፈ። ስም ሲበላሽ ሳይንሱን ሁሉ ይዞ ይወርዳል የምለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባል ፈጣን መንገድ አለ። ትኩስ ቅጠል በምላጭ ይከተከታል። ኒውክሊየሶቹ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ቀለም ይሰጣቸዋል። በሌዘር ፊት አንድ በአንድ ያልፋሉ። የእያንዳንዱ ብርሃን የዲኤንኤውን መጠን ይናገራል። ባለ 56ቱ ከባለ 28ቱ እጥፍ ገደማ ያበራል። ማሽኑ ግን ውድ ነው፣ በየኮሌጁ አይገኝም።

ማሽን ለሌለው መምህር አንድ ርካሽ ዘዴ ልጠቁም። ከሱቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ግዙ። የቅጠሉን ጀርባ በስሱ ቀቡትና ይድረቅ። ግልጽ ስኮች ለጥፉበትና ቀስ ብላችሁ ንቀሉት። የቅጠሉ ጀርባ ማኅተም ስኮቹ ላይ ቀርቷል። መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ሥር ብታስገቡት ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች፣ ስቶማታ የሚባሉት፣ እንደ ትንንሽ ከንፈር ተከፍተው ይታያሉ። ክሮሞሶሙ የበዛ ተክል ሕዋሱም ይገዝፋል። ስለዚህ የቴትራፕሎይዱ ስቶማታ በጥቅሉ ከዲፕሎይዱ ይረዝማሉ፣ ቁጥራቸውም በአንድ ስፋት ውስጥ ያንሳል። ይህ ጥርጣሬ ለመያዝ እንጂ ለመፍረድ አይበቃም። ማንነቱ የታወቀ ዛፍ አጠገቡ አድርጎ ማወዳደርም የግድ ነው። ግን ሃምሳ ተማሪ ላለው ክፍል፣ አንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ከዚህ የተሻለ ምን ያስተምራል?

ዲኤንኤው ምን አለ

ሰው ዲኤንኤ ሲባል የመጨረሻው ዳኛ ይመስለዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ነገሩ እንደዚያ አልሆነም።

በ2021 የኢትዮጵያን፣ የኬንያንና የታንዛኒያን ዛፎች ከትውልድ አገራቸው ዘመዶች ጋር ያነጻጸረ የዘረመል ጥናት ወጣ። መጀመሪያ የተለያዩ የዲኤንኤ ክፍሎችን ፊደል በፊደል አነበቡ፤ ከኒውክሊየስም ከክሎሮፕላስትም። ውጤቱ የሚገርም ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ወደ መቶ በመቶ ይመሳሰላሉ። ቡርካርት በማስመሪያ የለያቸውን ዝርያዎች ንባቡ ሊለያቸው አልቻለም። ቀጥለው ማይክሮሳተላይት የሚባሉ ሰባት ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቦታዎችን አዩ። እዚያም ዲፕሎይዶቹ እርስ በርስ ተቀላቅለው ነው የተገኙት። እንደ ልብ ስለሚዳቀሉ ድንበራቸው ደብዝዟል። ከሁሉም ተለይቶ ለብቻው የቆመው ባለብዙ ክሮሞሶሙ ጁሊፍሎራ ነበር።

ይሄ ነው ነገሬ። ቅጠል ሲደራረብ፣ ዲኤንኤ ሲመሳሰል፣ ነገሩን የለየው የክሮሞሶሙ ቁጥር ነው። አንዱ ምስክር ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ ክሱ ይወድቅ ነበር።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አውጥቷል። የኢትዮጵያና የኬንያ ጁሊፍሎራ ምንጩ በሜክሲኮ በኩል ያለው የትውልድ አገሩ ሊሆን ይችላል። የታንዛኒያው ከሌላ ቦታ ሳይመጣ አልቀረም። ኬንያ ውስጥ ያለው ፓሊዳ ደግሞ ከፔሩዎቹ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ያላቸው የዘረመል ብዛትም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገቡት አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው መሆኑን ይጠቁማል። ስለዚህ የጎሮው ታሪክ እውነት ቢሆንም ብቸኛው መግቢያ እሱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። «ድሬዳዋ ናት ያመጣችብን» እያሉ ለሚያሾፉብን ይህን ይዘን እንመልስላቸው።

ማይክሮሳተላይት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዲፕሎይድ ዛፍ በአንድ ቦታ ላይ ቢበዛ ሁለት ዓይነት ቅጂ ያሳያል፤ የእናቱንና የአባቱን። ቴትራፕሎይዱ እስከ አራት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለሌላ ጥናት የተወሰደ የዲኤንኤ ናሙና ላይ ሦስት ወይም አራት ቅጂ በብዙ ቦታ ካያችሁ፣ ክሮሞሶም ሳትቆጥሩ ቁጥሩን ጠረጠራችሁ ማለት ነው።

ኔልቱማ

አሁን ወደ ሌላው ክርክር። በ2022 የፕሮሶፒስ ወገን፣ ጂነስ የሚባለው ክፍል፣ ተበተነ። ምክንያቱ የዘረመል ሐረግ ነው። በአንድ ስም የተሰበሰቡት ዛፎች የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ብቻ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ ለአራት ተከፈሉ። ፕሮሶፒስ የሚለው ስም የመጀመሪያውን ናሙና ይዞ ህንድና መካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ ለሚበቅሉት ሦስት ዝርያዎች ቀረ። የአፍሪካው፣ በምዕራብ ኢትዮጵያም የሚገኘው ነባር ዛፍ፣ አኖኒኪየም ተባለ። ከአሜሪካዎቹ አንዱ ክፍል ስትሮምቦካርፓ ሆነ። የኛው ችግረኛ 43 ዝርያ ካለው ትልቁ ክፍል ጋር ኔልቱማ ገባ። ስሙ አዲስ አይደለም፤ ራፊኔስክ የተባለ ሰው ያወጣው የ19ኛው መቶ ዘመን ስም ነው።

ከዚህ ቀደም ግራርም እንዲህ ሆኖብን ነበር። በ2005 ቪየና ላይ የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ይቅር ብለው ወሰኑ። በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና። የአፍሪካ ግራሮች ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ሆኑ። ጉባዔው በየት አገር እንደጸና እያዩ የሳቁ አፍሪካውያን ብዙ ናቸው። እኔም ከሳቁት ወገን ነኝ።

አመዳደቡ ትክክል ነው፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ከሰል ለሚያከስለው፣ ፍየል ለሚጠብቀው፣ ቦይ ለሚጠርገው ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ሁለቱንም ስም መጻፍ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ካልሆነ የድሮውን ጽሑፍ ፈልጎ የሚያገኝ ይጠፋል።

56 መሆኑ ምን ይለውጣል

ደቡብ አፍሪካን እዩ። እዚያ የገቡት ግላንዱሎሳና ቬሉቲና ሁለቱም ባለ 28 ናቸው። ተዋለዱ፣ ልጆቻቸውም ተዋለዱ። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ «ይህ ዛፍ የእገሌ ዝርያ ነው» ማለት ከባድ ነው። እኛ ጋ እንደዚያ አልተቀላቀለም። ባለ 56ቱና ባለ 28ቱ ቢገናኙ ልጁ 42 ይሆናል፦ 28 ከአንዱ፣ 14 ከሌላው። ሦስት እጅ ማለት ነው። ሦስት እጅ ክሮሞሶም ጥንድ ጥንድ ሆኖ መከፈል ስለሚያቅተው እንዲህ ያለ ተክል ብዙ ጊዜ መካን ነው። የቁጥሩ ልዩነት አጥር ሆኖ ዝርያዎቹን ለያይቶ ያቆያል።

ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች አንድ ሐሳብ ይመጣላቸዋል። «ታዲያ እሾህ አልባውንና ጣፋጩን የፔሩ ፓሊዳ አምጥተን ብንተክል ከክፉው ጋር አይቀላቀልም ማለት ነው።» ስሌቱ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን አደገኛ ነው። አለመቀላቀሉ ደህና ያደርገዋል ማለት አይደለም። ከብት የሚበላው ጣፋጭ ፍሬ ያለው፣ ውሃ የማይለምን፣ ዘሩ በሆድ የሚያልፍ ሁለተኛ ወራሪ ማስገባት ነው የሚሆነው። ኬንያ ሁለቱም አሏት፤ ምን እንዳተረፈች ጎረቤት ነንና ሄዶ መጠየቅ ነው። ባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች በዚህ ዛፍ ምክንያት መንግሥታቸውን ፍርድ ቤት እስከ መክሰስ ደርሰዋል። ፍሬውን እየበላች ጥርሷን የጨረሰች ፍየል ለማስረጃነት ችሎት ይዘው መቅረባቸው በዓለም ዜና ላይ ወጥቷል።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ጠላት ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1987 ጀምሮ ዘሩን የሚበላ ጢንዚዛ ለቃለች። አውስትራሊያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤቪፔ የምትባል ቅጠል የምታጠፋ የእሳት እራት ለቃለች። እነዚህ ነፍሳት የተመረጡት እዚያ ላሉት ዝርያዎች ነው። አንዷ ነፍሳት ለግላንዱሎሳ ብርቱ ሆና ለጁሊፍሎራ ልትሰንፍ ትችላለች። ስለዚህ ነገ አንዱ መጥቶ «አውስትራሊያ ላይ ሠርቷል» ብሎ ቢያቀርብልን የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ዝርያ ላይ? ክሮሞሶሙ ስንት በሆነው?» መሆን አለበት። የነፍሳቱን የትውልድ ቦታ ፍለጋም ከዚህ ይጀምራል። የኛ ዛፍ ምንጩ በሜክሲኮ በኩል ከሆነ ጠላቱም የሚፈለገው በዚያ በኩል ነው እንጂ ፔሩ ላይ አይደለም።

ከሰሉን በተመለከተ ቁጥሩ ብዙ አይለውጥም። ከመሬት በላይ ከተቆረጠ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከአፈር በታች ካልተነቀለ ሥራው ከንቱ ነው። ፍሬው ለከብት መኖ ሲሆን ዘሩ ጭምር በወፍጮ መፈጨት አለበት። ይህ ለባለ 28ቱም ለባለ 56ቱም አንድ ነው።

ፍርዱና የቀረው ሥራ

በኔ ሚዛን የድሬዳዋው ዛፍ ጁሊፍሎራ ነው። ቅጠሉ ወደዚያ ይጠቁማል። ታሪኩ ይስማማል። የኢትዮጵያን ዛፎች ያየው የዘረመል ጥናትም ከዚያው ጋር ነው የሚሄደው።

ያልተዘጋው ጥያቄ ሁሉም ዛፍ ወይ የሚለው ነው። ከድሬ ተነስቶ በሽንሌ በኩል እስከ ደወሌ የሚሄደው የባቡር መስመር ዳር ሁሉ ዘር የሚራገፍበት መንገድ ነው። መግባቱ ተደጋግሞ ከሆነ መሀል ላይ አንድ ፓሊዳ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የሚፈለገውም ቀላል ነው፦ ትንንሽ ቅጠሎቹ ከ8 ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ ተጠጋግተው የተደረደሩ፣ ክንፎቹ ሦስት አራት ጥንድ የሆኑ ዛፍ። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ከጎለመሰ ቅርንጫፍ ላይ አበባም ፍሬም ያለበትን ቁረጡ። ጋዜጣ መሀል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ጋዜጣውንም በየቀኑ ቀይሩ። ጥቂት ቅጠል ለዲኤንኤ በሲሊካ ጄል ውስጥ አድርቁ። የበሰለ ፍሬ ለብቻው በወረቀት ፖስታ አኑሩ፤ ሥሩን አብቅሎ ለመቁጠር ነው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የዛፉን ቁመት፣ እሾህ መኖር አለመኖሩን ጻፉበት። ስሙ ላይ «ኔልቱማ፣ ቀድሞ ፕሮሶፒስ» ብላችሁ የዝርያውን ቦታ ክፍት ተዉት። ወደ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ ሲደርስ በእርሳስ ይሞላል፣ ክሮሞሶሙ ከተቆጠረ በኋላ በቀለም።